ሐበሻውን አማካሪ መሣል፦ የቤተ መንግሥት ሹም ምስል በሕንድ ጥቃቅን ሥዕል ዘዴ ለመሥራት የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

ከ16ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ በሕንድ የሙጋል ነገሥታትና በደቡብ የደካን ሱልጣኖች ቤተ መንግሥት የተሠሩት ጥቃቅን ሥዕሎች አደኑን፣ ጦርነቱን፣ ሠርጉን፣ የአትክልቱን ስፍራ ሁሉ ያሳያሉ። እኔን ለዓመታት የያዘኝ ግን ብቻውን የቆመ የአንድ ሹም ምስል ነው። ባዶ በሆነ አረንጓዴ መደብ ላይ አንድ ሰው በጎኑ ቆሞ ይታያል፤ ከኋላው ቤት፣ ከፊቱም ንጉሥ የለም፤ ሆኖም አቋቋሙን ያየ ሁሉ ይህ ሰው በንጉሥ ፊት መቆም የለመደ መሆኑን ይረዳል። ንጉሠ ነገሥት አክባር (ከ1556 እስከ 1605 የነገሠው፤ በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ራሱ ለሠዓሊዎቹ ተቀምጦ ከተሣለ በኋላ የመንግሥቱ ታላላቅ ሰዎች ሁሉ ምስላቸው ተሥሎ በአንድ ትልቅ አልበም እንዲሰበሰብ አዝዞ ነበር። ልጁ ጃሃንጊር ደግሞ አንድን ፊት አንዱ ሠዓሊ ሠርቶት ዓይኑንና ቅንድቡን ሌላው ቢሠራው እንኳ የማን እጅ የቱ እንደሆነ ለይቶ እንደሚያውቅ በገዛ ማስታወሻው ጽፏል። የአማካሪውና የሚኒስትሩ ምስል ያደገው እንዲህ ባለው ዓይን ሥር ነው።

ይህ መመሪያ አንድን የቤተ መንግሥት አማካሪ በዚያው ዘዴ ከወረቀት ዝግጅት ጀምሮ እስከ መጨረሻው መስመር ድረስ እንዴት መሣል እንደሚቻል ያሳያል። ሥራው በቀን ሁለት ሰዓት ለሚሠራ ሰው ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ይወስዳል። ከዚያ ግማሹን ጊዜ የሚፈልገው ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም የማይበልጠው ፊቱ ነውና ከመጀመሪያው ይህን አስበው ይነሡ።

ደረጃ 1፦ ምሳሌውን መምረጥና አስተውሎ ማየት

ለአማርኛ አንባቢ ከሁለት ሰዎች ምስል የተሻለ መነሻ አላውቅም። የመጀመሪያው ማሊክ አምባር ነው። በ1548 ገደማ በኢትዮጵያ ምድር ተወልዶ፣ በልጅነቱ ለባርነት ተሽጦ፣ በባግዳድ በኩል ሕንድ ደረሰ፤ ከደካን መንግሥታት አንዱ በሆነው በአህመድናጋር በዋጋ የገዛውም ራሱ ከሐበሻ ወገን የሆነው ሚኒስትር ቸንጊዝ ኻን ነበር። ከባርነት ነጻ ከወጣ በኋላ የጦር አለቃ፣ በኋላም የአህመድናጋር ሱልጣን እንደራሴና ዋና ሚኒስትር ሆኖ እስከ ሞተበት እስከ 1626 ድረስ የሙጋልን ጦር ሲመክት ኖረ። ሁለተኛው ኢኽላስ ኻን ነው፤ እርሱም ከሐበሻ ወገን ሲሆን በሌላው የደካን መንግሥት በቢጃፑር በሱልጣን መሐመድ አዲል ሻህ ዘመን (1627–1656) ከሚኒስትርነት ከፍተኛ ደረጃ ደርሷል። አቤቱታ የተጻፈበት ወረቀት በእጁ ይዞ የተሣለበት ምስል በአሜሪካ የሳን ዲዬጎ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ይገኛል።

ማሊክ አምባርን ሃሺም የተባለው ሠዓሊ በ1620ዎቹ ገደማ ሥሎታል፤ ሥዕሉም በለንደን በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም አለ። ከዚህ ሥዕል አጠገብ ሌላ ሥዕል ማስቀመጥ ይጠቅማል። በ1616 ገደማ የጃሃንጊር ታላቅ ሠዓሊ አቡል ሐሰን ንጉሡ በጦር ጫፍ ላይ በተሰካው የማሊክ አምባር ራስ ላይ ፍላጻ ሲወረውር አሳይቶታል፤ ይህ በደብሊን በቼስተር ቢቲ ሙዚየም የሚገኘው ሥዕል በእውን ያልሆነ ነገር ነው፤ ጃሃንጊር ማሊክ አምባርን አንድም ቀን አልማረከውም። ሃሺም ግን ያንኑ ጠላት ነጭ ልብስ እንደለበሰ፣ ዕድሜውና የሰውነቱ ክብደት ሳይሸሸግ፣ ጥቁር ፊቱ በልዩ ጥንቃቄ ተሠርቶ፣ ሙሉ ክብሩን እንደያዘ አቆመው። ሁለቱን ጎን ለጎን ያየ ሰው ክብር የሚመጣው ከወርቁና ከጌጡ ሳይሆን ፊቱን በትክክል ከማየት መሆኑን ይገነዘባል። ይህን መመሪያ ከጫፍ እስከ ጫፍ የያዘው ሐሳብም ይኸው ነው።

ሙዚየሞቹ በድረ ገጾቻቸው ካስቀመጧቸው ምስሎች አንዱን በተቻለ መጠን አጉልተው ቢያንስ ለሦስት ቀን ይዩት፤ እርሳስ አይያዙ። አንድ ነገር ከቤታችን ልማድ ጋር ይጋጭብዎታል። በእኛ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቁ በሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት ያየናል፣ በአንድ ዓይን በጎን የሚሣለው ይሁዳ ወይም ሰይጣን ወይም አረመኔው ወታደር ነው። በሙጋል ቤተ መንግሥት ግን የጎን ገጽታ የክብር አቀማመጥ ነው፤ ንጉሡ ራሱ በጎን ይሣላል። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል የሠለጠነ እጅ ፊቱን ሳያስበው ወደ ተመልካቹ ማዞር ስለሚጀምር በዚህ በኩል ይጠንቀቁ።

ደረጃ 2፦ ወረቀቱን መሥራት

ሕንዶች ዋስሊ የሚሉት ወረቀት ሦስት ወይም አራት የጥጥ ወረቀቶች ተለጣጥፈው የሚሠራ ጠንካራ ገጽ ነው። 30 በ40 ሳንቲ ሜትር የሆኑ አራት ወረቀቶች ይቁረጡ። አምሳ ግራም ያህል የስንዴ ዱቄት በግማሽ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠው በለስላሳ እሳት እያማሰሉ ያብስሉ፤ እንደ ቀጭን አጥሚት ሲሆን አውርደው በነጠላ ወይም በሻሽ ያጥልሉት። ጓጓላ የቀረ እንደሆነ ወረቀቱ በኋላ እዚያው ቦታ ላይ ያብጣል፣ ብሩሽም ያደናቅፋል።

የሕንድ ሠዓሊዎች በዚህ ሙጫ ውስጥ ነፍሳት እንዳይበሉት ጥቂት ሰማያዊ የመዳብ ጨው፣ ኮፐር ሰልፌት የሚባለውን፣ ይጨምራሉ። መጀመሪያ ላይ ይህን ችላ ብዬ ነበር። አንድ ክረምት ሙሉ የሠራኋቸውን ወረቀቶች ጠቅልዬ ቁም ሣጥን ሥር አስቀመጥኋቸው፤ በጥቅምት ስፈታቸው በረሮ ጠርዛቸውን እንደ መጋዝ ጥርስ ቆርጥሞት አገኘሁ። አሁን ለግማሽ ሊትር ሙጫ በጣት ጫፍ የሚያዝ ያህል እጨምራለሁ። ይህ የመዳብ ጨው መርዝ ስለሆነ ጓንት ያስፈልጋል፤ ያበሰሉበት ድስትም ወደ ወጥ ቤት መመለስ የለበትም።

አንዱን ወረቀት ሙጫ ቀብተው ሌላውን ከላይ ያኑሩ፤ ከመካከል ወደ ጠርዝ በጠርሙስ እየዳመጡ አየሩን ያስወጡ፤ አራቱም ሲያልቁ በሁለት ጠፍጣፋ ሳንቃዎች መካከል ከባድ ነገር ጭነው ለሦስት ቀን ይተዉት። በፀሐይ ማድረቅ ወረቀቱን ስለሚያጣምመው አይሞከርም።

ከደረቀ በኋላ ማለስለስ ይመጣል። ጥንት ለዚህ የተወለወለ የአጌት ድንጋይ ይጠቀሙ ነበር፤ ያላገኙ ሰዎች ለስላሳ የወንዝ ጠጠር ወይም የወፍራም ብርጭቆ ቂጥ መጠቀም ይችላሉ። ወረቀቱን በመስታወት ወይም በእብነ በረድ ላይ አንጥፈው በሙሉ የክንድ ጉልበት በአንድ አቅጣጫ፣ ቀጥሎ በተሻጋሪው ይፈግፍጉ። ብራና ፋቂዎች ቆዳውን ሲያለሰልሱ ያየ ሰው ትዕግሥቱን ያውቀዋል። መጀመሪያ ድንጋዩ ይንሻከሻካል፤ ቀስ በቀስ ድምፁ ይሳሳል፤ በመጨረሻም ያለ ድምፅ ይንሸራተታል። ወረቀቱን ወደ መስኮት ዘንበል አድርገው ሲያዩት የእንቁላል ቅርፊት ያህል ካበራ በቂ ነው።

ደረጃ 3፦ ቀለምና ሙጫ

ቀለሙን ከወረቀቱ ጋር የሚያያይዘው የግራር ሙጫ ነው፤ አገራችን ወደ ውጭ ከምትልከው ሙጫ አንዱ በመሆኑ ንጹሕ የሆነውን ማግኘት አያስቸግርም። አንድ እጅ ሙጫ በሁለት እጅ ለብ ያለ ውሃ ዘፍዝፈው ያሳድሩትና በማግሥቱ ያጥልሉት።

በጥንቱ ዘመን ነጩ ከእርሳስ፣ ቀዩ ሜርኩሪ ካለበት ሲናበር ከሚባል ማዕድን፣ ደማቁ ቢጫ አርሴኒክ ካለበት ኦርፒመንት፣ ጥልቁ ሰማያዊ ከአፍጋኒስታን ባዳኽሻን ከሚመጣው ላፒስ ላዙሊ፣ ጥቁሩ ከጥላሸት ይሠራ ነበር። ደብተራዎቻችን ለብራና የሚያዘጋጁት ጥቁር ቀለምም መነሻው ይኸው ጥላሸት ነው። በነገራችን ላይ አውሮፓውያን ለእንዲህ ያለው ሥዕል የሰጡት ሚኒየቸር የሚለው ስም የመጣው ሚኒየም ከሚባለው ከቀዩ የእርሳስ ቀለም ነው፤ ከትንሽነት ጋር የተያያዘው በኋላ ነው። የሕንድ ሠዓሊዎች በበኩላቸው ብሩሹንም፣ የአንድን አገር የአሣሣል ስልትም ቀለም ብለው ይጠራሉ፤ ቃሉ ከእኛው ጋር ዘመድ ነው።

መርዛማዎቹን መጠቀም አያስፈልግም። ለነጭ የዚንክ ነጭ፣ ለቀይና ለቢጫ የአፈር ቀለሞች፣ ለቡናማ የተቃጠለ አምበር የሚባለው የአፈር ቀለም፣ ለሰማያዊ አልትራማሪንና ኢንዲጎ፣ ለጥቁር ጥላሸት ይበቃሉ። ከአረንጓዴዎች ከመዳብ ዝገት የሚሠራውን ይተዉት፤ በዘመን ብዛት ወረቀቱን ስለሚበላ ብዙ የቆዩ ሥዕሎች በዚህ ምክንያት ተቀድደዋል።

ዱቄቱን በመስታወት ላይ በውሃ አርጥበው ደጋግመው ይፍጩት፤ ከዚያ ሙጫውን ጠብታ በጠብታ ይጨምሩ። ሕንዶች በባሕር ዛጎል ያስቀምጡታል፤ የቡና ሲኒ ያንኑ አገልግሎት ይሰጣል። የሙጫው መጠን የሚታወቀው በሙከራ ነው፤ በቁራጭ ወረቀት ላይ ቀብተው ሲደርቅ በጣት ያሹት። ቀለሙ ጣትዎን ካቆሸሸ ሙጫው አንሷል፤ የሚያብረቀርቅ ወይም የሚሰነጠቅ ከሆነ በዝቷል። ለእያንዳንዱ ቀለም ይህ ሙከራ ለየብቻ ይደረጋል፤ ጥላሸት የሚፈልገው ሙጫና ነጭ የሚፈልገው እኩል አይደለም።

ደረጃ 4፦ ብሩሽ

ባህላዊው ብሩሽ በዛፍ ላይ ከምትኖረው ከስኩዊረል የጅራት ፀጉር ተሠርቶ በወፍ ላባ ቀንድ ውስጥ ይሰካል። ባለ አንድ ፀጉር ብሩሽ ነው የሚባለው እውነት የሚሆነው ጫፉን ስንመለከት ብቻ ነው፤ ሆዱ ብዙ ፀጉር ስላለው ቀለም ይይዛል፣ ጫፉ ግን ወደ አንዲት ፀጉር ይሾላል። ከሱቅ ቁጥር 2፣ ቁጥር 0 እና ባለ ሦስት ዜሮ ከእንስሳ ፀጉር የተሠሩ ብሩሾች ቢገዙ ይበቃዎታል። ሲገዙ ፀጉሩን አርጥበው ጫፉ በአንድ ነጥብ መሰብሰቡን ይፈትኑ።

ደረጃ 5፦ ንድፉ

ሥዕሉን 15 በ24 ሳንቲ ሜትር በሆነ ክልል ውስጥ ይወስኑ። በቀድሞዎቹ ሥዕል ቤቶች የታወቁ ሰዎች ንድፍ ቻርባ በሚባል፣ ከሚዳቋ ቆዳ በተዘጋጀ ስስ ገጽ ላይ ተጠብቆ ይቆይ ነበር፤ በመስመሩ ላይ በመርፌ ተበስቶ የከሰል ዱቄት ሲረጭበት ንድፉ ወደ አዲሱ ወረቀት ይተላለፋል። የአንድ ሹም ፊት በልዩ ልዩ ሥዕሎች ውስጥ ሳይለወጥ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው። በትሬሲንግ ወረቀት ይህንኑ ማድረግ ይችላሉ።

ቁመቱን እኔ በስድስት ራስ ተኩል እለካለሁ። ክብደቱ በሁለቱም እግሮች ላይ እኩል ይረፍ፤ ጫማዎቹ ወደ አንድ አቅጣጫ ይመልከቱ፤ ትከሻው ከፊቱ ይልቅ ትንሽ ወደ እኛ ይዙር። የጆሮው አናት ከቅንድቡ፣ የታችኛው ጫፉ ከአፍንጫው ሥር ትይዩ መሆኑን ያረጋግጡ። ዓይኑ በጎን ሲታይ ሦስት ማዕዘን እንጂ ሙሉ የለውዝ ቅርጽ የለውም። ራጅፑት በሚባሉት የሂንዱ መሳፍንት ቤተ መንግሥቶች በጎን ፊት ላይ ረጅም ሙሉ ዓይን ይሣላል፤ ለእነርሱ ስልት የሚያምር ነው፣ ለሙጋልና ለደካን ምስል ግን አይሆንም።

አማካሪ መሆኑን የሚናገሩት ምልክቶች እዚሁ በንድፉ ላይ መወሰን አለባቸው። ጃማ የሚባለው ረጅም ልብስ በደረት ላይ ተደርቦ በብብት ሥር ይታሠራል፤ ለባሹ ሙስሊም ከሆነ በራሱ ቀኝ፣ ሂንዱ ከሆነ በግራው ስለሆነ ማሊክ አምባርንም ሆነ ኢኽላስ ኻንን ሲሥሉ ማሠሪያው በቀኙ ይሁን። በወገቡ ፓትካ የሚባለው ጥልፍ ያለው መቀነት ይዞራል፤ በመቀነቱ ውስጥ እጀታው አግድም የሆነው ካታር የሚባል ጩቤ ይሻጣል። በእጁ የሚይዘው ነገር ሥራውን ይገልጻል፤ አቤቱታ የያዘ እጅ የሰዎችን ጉዳይ ወደ ንጉሡ የሚያደርስ ሰው እጅ ነው፣ ሰይፍ የያዘው ደግሞ የጦር አዛዥነቱን ያሳያል። ሁለቱንም አንድ ላይ ማብዛት ምስሉን ያደክመዋል። በራሱ ዙሪያ አክሊለ ብርሃን በፍጹም አይሣልም፤ ከጃሃንጊር ዘመን ጀምሮ ያ ብርሃን የንጉሠ ነገሥቱ ምልክት ነው፣ ለአገልጋዩ ቢሣል ሥዕሉ ሹሙን አመፀኛ ያደርገዋል።

ንድፉ በቀጭን የቀይ አፈር መስመር ከተሠራ በኋላ ስስ ነጭ ቀለም በሙሉ ገጹ ላይ ይቀባል። መስመሩ በነጩ ውስጥ እንደ ጥላ ይታያል፤ አሁን በጥላሸት እያረሙ ዳግመኛ ይሥሉት። በዚህ ጊዜ የታረመ ስሕተት ቀላል ነው፤ በኋላ ግን ስሕተትን ማረም መፋቅ ይጠይቃል።

ደረጃ 6፦ መደቡና ልብሱ

መጀመሪያ መደቡ ይቀባል። ለደካን ስሜት ጥቁር አረንጓዴ ከትንሽ ኢንዲጎ ጋር፣ ለሙጋል ደግሞ ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ይስማማል። በአንድ ጊዜ በወፍራሙ ከመቀባት ይልቅ እንደ ወተት የቀጠነ ቀለም አራት ጊዜ ይቀቡ፤ እያንዳንዱ ሲደርቅ ሥዕሉን በንጹሕ መስታወት ላይ በፊቱ ደፍተው ከጀርባው በድንጋዩ ይፈግፍጉ። ቀለሙ ወደ ወረቀቱ ተጨፍልቆ እንደ ሐር ለስላሳ የሚሆነው እንዲህ ነው። ሥዕሎቹ ከአራት መቶ ዓመት በኋላም በብርሃን ሥር የሚያሳዩት ያ የውስጥ ድምቀት ግማሽ ምክንያቱ ይህ ከጀርባ መፈግፈግ ነው፤ ጀማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚዘሉትም ይህንኑ ነው።

ነጩ ስስ ልብስ ብልሃት ይፈልጋል። ከልብሱ ሥር ያለው ክንድና ሱሪ መጀመሪያ በሙሉ ቀለሙ ይሠራል፤ ሲደርቅ በጣም የቀጠነ ነጭ በላዩ ይጋረዳል፤ ጨርቁ በሚደራረብበት ቦታ ነጩ ይደገማል፣ በጠርዙ ላይ ደግሞ ጠንከር ያለ ነጭ መስመር ይሄዳል። የክርኑን እጥፋት በጥቁር አይሥሩ፤ በውሃ የበዛ ኢንዲጎ ከጥቂት ቡናማ ጋር ይበቃል። ጥሩ ፈትል ነጠላ በክንድ ላይ ሲወድቅ ቆዳው እንዴት እንደሚታይ ያየ ሰው ሌላ ምሳሌ አይፈልግም፤ እኔ የእናቴን ነጠላ በወንበር ክንድ ላይ ጥዬ ነው የተማርሁት።

ደረጃ 7፦ ፊቱ

በአክባር ሥዕል ቤት የተሠሩ መጻሕፍት በገጽ ግርጌ ያሉት ማስታወሻዎች አንዳንድ ጊዜ ንድፉን የሠራውን፣ ቀለሙን የቀባውንና ፊቶቹን የሠራውን ሦስት የተለያዩ ሰዎች አድርገው ይጠቅሳሉ። ፊት ለብቻው የሚሰጥ ሥራ ነበር። ስለዚህ እርስዎም ወደ ፊቱ ሲደርሱ እንደ አዲስ ሰው ይቀመጡ፤ ጠዋት፣ ዓይንዎ ሳይደክም፣ ብርሃኑ ከግራ በኩል እየገባ፣ ክንድዎ በጠረጴዛው ላይ አርፎ።

በጣም የተለመደው ስሕተት ጥቁር ቆዳን በጥቁር ቀለም መሥራት ነው። ጥላሸት ከቡናማ ጋር ሲቀላቀል ፊቱን የአመድ ያደርገዋል፣ ሕይወቱም ይጠፋል። የሃሺምን ማሊክ አምባር ሲያዩ ጥቁረቱ ከውስጥ ሞቅ ያለ ነው። እኔ ከብዙ ሙከራ በኋላ የያዝሁት ቅልቅል አራት እጅ ቀይ አፈር፣ ሁለት እጅ ቢጫ አፈር፣ ሁለት እጅ የተቃጠለ አምበርና በብሩሽ ጫፍ የምትያዝ ኢንዲጎ ነው። በክንድዎ ቆዳ አጠገብ አድርገው ያነጻጽሩት፤ የአብዛኞቻችን ቆዳ ለዚህ ሥራ ከማንኛውም የቀለም ገበታ ይሻላል። ከዚህ ቅልቅል ጥቂቱን ወስደው የዚንክ ነጭና ቢጫ በመጨመር በሁለት ደረጃ ያፍኩት፤ ፊቱ በሙሉ መጀመሪያ የሚቀባው በዚህ በፈካው ነው። የሚቀጥሉት ጭረቶች እያጠቆሩት ስለሚሄዱ መነሻው ከመጨረሻው መፍካት ይኖርበታል።

አሁን ፓርዳኽት የሚባለው ሥራ ይጀምራል። ባለ ሦስት ዜሮ ብሩሹን በዋናው ቅልቅል ነክረው በጨርቅ ላይ ደረቅ እስኪመስል ድረስ ያብሱት። ከዚያ ከአንድ ሚሊ ሜትር የማይበልጡ ጭረቶችን ጎን ለጎን ያኑሩ። ጭረቶቹ የሥጋውን ዙረት ይከተላሉ፤ በጉንጭ ላይ ይዞራሉ፣ በአፍንጫ ላይ ይወርዳሉ፣ በአንገት ላይ አግድም ይሄዳሉ። አንድ ረድፍ ሲደርቅ ሌላው በመካከሉ ይገባል። ከሩቅ ሲታዩ ጭረቶቹ ይጠፉና ቆዳ ብቻ ይቀራል። እጅዎ የሚቸኩልባቸው ቀኖች ይኖራሉ፤ በእነዚያ ቀኖች መደቡን ወይም መቀነቱን ይሥሩ፣ ፊቱን ግን አይንኩ።

የብርሃን ምንጭ አይፈልጉ። በዚህ ስልት መብራት ከአንድ ወገን አይመጣም፤ ጥላው የሚውለው ሥጋው በሚዞርበት ቦታ ነው፦ በአፍንጫ ክንፍ፣ በዓይን ጉድጓድ፣ ከታችኛው ከንፈር ሥር፣ በመንጋጋና በአንገት መጋጠሚያ። ለእነዚህ ወደ ዋናው ቅልቅል ትንሽ ኢንዲጎ ይጨመራል። ለጉንጩና ለጆሮው ጫፍ ደግሞ ቀይ አፈር ብቻውን፣ እጅግ ቀጥኖ ይታከላል። ግንባርና የጉንጭ አጥንት ላይ የፈካው መነሻ ሳይሸፈን ይተዋል፤ ነጭ ነጥብ ማስቀመጥ ፊቱን በዘይት የተቀባ ያስመስለዋል።

የሃሺም ትልቅነት ያደረበት ቦታ ከዓይኑ ሥር ያለው እብጠትና የመንጋጋው ሥጋ ነው። ዕድሜ አልተፋቀም። ብዙ ተማሪ ሰውየውን ለማክበር ብሎ ፊቱን ያለሰልሳል፣ አንገቱን ያቀጥናል፣ ሆዱን ያጠባል፤ ይህ ግን ሽማግሌውን ከነታሪኩ አስወግዶ ስም የሌለው ጎልማሳ በቦታው ማቆም ነው። እያንዳንዱን እጥፋት አንድ በአንድ ይሥሩት።

ጺሙ ከቆዳው በኋላ ይመጣል። መጀመሪያ በጺሙ ቦታ ሁሉ ስስ ግራጫ ይቀባል፤ ከዚያ ፀጉር በፀጉር፣ ከሥር ወደ ጫፍ ብሩሹን እያነሡ ይሠራል። ሽበቱ በቀጭን ነጭ ከላይ ይታከላል፣ ነጩ ከጥቁሩ እንዳይበዛ ይቆጠብ። ዓይኑ የመጨረሻው ነው። ነጩን ንጹሕ ነጭ አያድርጉት፤ ጥቂት የቆዳ ቀለም ይቀላቀልበት። የላይኛው ሽፋሽፍት መስመር በፊቱ ላይ ካሉት መስመሮች ሁሉ ይጠቁራል፤ ብሌኑ ከእርሱ ጋር ይገናኛል፣ ከታችኛው ጋር ግን አይነካካም። ይህች ጠባብ ክፍተት የምታስብ ዓይንን ከደነገጠች ዓይን ትለያለች። በመጨረሻ የግንባሩ፣ የአፍንጫውና የከንፈሩ የውጭ መስመር በቀይ ቡናማ ይጠናከራል።

ደረጃ 8፦ ወርቅና ዕንቁ

እውነተኛ የወርቅ ቅጠል ከጥቂት ማርና ውሃ ጋር በሳህን ላይ በጣት ረጅም ጊዜ ይታሻል፣ ማሩ በውሃ ታጥቦ ሲወገድ የደቀቀው ወርቅ በሥር ይዘቅጣል፤ ከዚያ በጥቂት ሙጫ ይቀባል። ሁለት ጊዜ ከተቀባና ከደረቀ በኋላ በአጌት በቀስታ ይወለወላል። በካታሩ እጀታና በመቀነቱ ጫፍ ላይ ደንዝዞ በተሞረደ መርፌ ነጥብ በነጥብ ቢጫኑት ወርቁ ብርሃኑን ይበታትናል። አቅም ካልፈቀደ የተዘጋጀ ወርቃማ የውሃ ቀለም ይቻላል፣ ይሁንና አይወለወልም። ዕንቁ የሚሠራው በወፍራም ነጭ ጠብታ ነው፤ ጠብታው ጎበጥ ብሎ ሲደርቅ እውነተኛ ጥላ ይጥላል። የደካን ሠዓሊዎች ወርቅን ይወዳሉ፤ በአማካሪው ላይ ግን ወርቁ ከፊቱ ርቆ በወገቡና በጠርዙ ቢቀር ይሻላል።

ደረጃ 9፦ ጠርዝ፣ ስምና አቀማመጥ

በሥዕሉ ዙሪያ አንድ የወርቅ፣ አንድ ቀይና አንድ ሰማያዊ ቀጭን መስመር ይሰመራል፤ ከዚያ ውጭ ሰፊ ሕዳግ ይተዋል፣ የጃሃንጊር ልጅ የሻህ ጃሃን ዘመን አልበሞች እዚህ አበባ ይሥሉበታል። ሠዓሊዎቹ የሰውየውን ስም በሕዳጉ ወይም ከምስሉ አጠገብ በደቃቅ የፋርስ ጽሕፈት ይጽፉ ነበር፤ የእርስዎን በግእዝ ፊደል፣ ከአንድ ጤፍ ብዙም ባልበለጠ ቁመት ይጻፉት። የራስዎ ስም ከእግሩ በታች ይሁን።

ሥዕሉን በክፈፍ ሲያስገቡ መስታወቱ ቀለሙን እንዳይነካ ቢያንስ የሦስት ሚሊ ሜትር ክፍተት የሚሰጥ የካርቶን ጠርዝ ያድርጉለት፤ እርጥበት ባለበት ወራት የግራር ሙጫ ከመስታወት ጋር ይጣበቃልና። ፀሐይ በቀጥታ ከሚያርፍበት ግድግዳ ያርቁት፣ በዓመት አንድ ጊዜም ከክፈፉ አውጥተው ጀርባውን ነፍሳት እንዳልነካው ይመልከቱ።